ተቀምጠው የሚረግጧት ፔዳል፦ ለአዛውንት ወላጅ ከመግዛትዎ በፊት

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ልጅ ለእናት ለአባቱ የደም ግፊት መለኪያ፣ የስኳር መለኪያ፣ ሹራብና ጫማ መያዙ የቆየ ነው። አሁን ደግሞ ትንሿ ፔዳል ሻንጣ ውስጥ መግባት ጀምራለች። ኮርቻም መሪም የላትም፤ ወለል ላይ ትቀመጥና ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ በእግሩ ያዞራታል። ፍርዱን ለማስቀደም ያህል፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸውና ከቤት መውጣት ለከበዳቸው አዛውንት ጥሩ ዕቃ ናት፤ ነገር ግን የምትሠራው ግማሹን ሥራ ነው። ስለ ቀረው ግማሽ ወደ ታች እንመጣበታለን።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ርካሿ ከብረት ቱቦ የተሠራች፣ የምትታጠፍና 2 ወይም 3 ኪሎ ያህል የምትመዝን ናት። መሐል ላይ ያለው ማጥበቂያ ሲዞር ዘንጉን ቆንጥጦ ይይዘውና መርገጫው ይከብዳል። ችግሯም እዚያው ማጥበቂያው ላይ ነው። የሚሠራው በፍትጊያ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ከተረገጠ በኋላ ይግላል፣ ሲግል ክብደቱ ይለዋወጣል፣ ዙሩም እየያዘ እየለቀቀ ይንገጫገጫል። የታመመ ጉልበት ደግሞ መንገጫገጭ አይወድም። ረግጠው እንደጨረሱም መሐሉን ብረት በእጅ አይንኩ፣ ያቃጥላል።

ሁለተኛዋ ባለ ማግኔት ናት። ውስጧ ክብ ከባድ ብረት ይሽከረከራል፤ ማግኔት ሲጠጋው ይከብዳል፣ ሲርቅ ይቀላል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ዙሯ ለስላሳ ነው፣ ድምፅዋም አይረብሽም። አንዳንዷ 10 ኪሎ ገደማ ስለምትመዝን 23 ኪሎ ከሚፈቀድ ሻንጣ ግማሹን ትወስዳለች። ቢሆንም ገንዘብ ማውጣት ካለብዎ ለዚች ያውጡ። ክብደቷ ራሱ ይጠቅማል፤ ስትረገጥ ከቦታዋ ቶሎ አትሸሽም።

ሦስተኛዋ በኤሌክትሪክ የምትሠራዋ ባለ ሞተር ናት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አሜሪካ የተገዛ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ አገር ቤት ሶኬቱ 220 ነው። ቻርጀሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል፤ 120 ብቻ ከሆነ ግን ያለ ኮንቨርተር (ቮልት መቀነሻ) የሰኩት ዕለት ይቃጠላል። ሁለተኛው ነገር ይብሳል፤ ሞተሩ እግሩን ራሱ እያዞረ ስለሚወስደው ጡንቻው ሥራ ሊፈታ ይችላል። እግር አልታዘዝ ላላቸው፣ ለምሳሌ ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች፣ ፊዚዮቴራፒስት እያየ ይጠቅም ይሆናል። ጤነኛ እግር ላላቸው ግን ግማሽ ሰዓት ሠራሁ ቢሉም የሠራው ሞተሩ ነው።

ስትገጣጠም ብዙ ሰው የሚያበላሸው መርገጫዎቹን ነው። የቀኙ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ የግራው ደግሞ በተቃራኒው ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው፤ እንደ ብስክሌት ማለት ነው። እንዲህ የተደረገው ሲረገጥ በራሱ እንዳይፈታ ነው። ጫፉ ላይ «ኤል» የተጻፈበት የግራ፣ «አር» የተጻፈበት የቀኝ ነው። መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት በጣት ሦስት አራት ዙር ይግባ። በጣት እምቢ ካለ አገባቡ ጠሟል ወይም ግራና ቀኙ ተቀያይሯል፤ በመፍቻ ከታገሉት ጥርሱ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ማሽኗ ዋጋ የላትም። ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ያጥብቁት፤ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ከማሽኗ ይልቅ ወንበሩ ነው የሚወስነው ብንል አልተጋነነም። ሶፋ አይሆንም። ዝቅ ስለሚልና ስለሚሰምጥ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ በየዙሩም ከልክ በላይ ይታጠፋል። የፕላስቲክ ወንበር ቀላል ስለሆነ ሲረገጥ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ጎማ ያለው የቢሮ ወንበርማ ጭራሽ አይታሰብም። የሚፈለገው መደገፊያ ያለው፣ መቀመጫው 45 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ያለ የእንጨት የምግብ ወንበር ነው፤ ጀርባው ግድግዳ ይነካ። ርቀቱን ለመለካት መርገጫውን ሩቅ ጫፍ ላይ ያድርሱት፤ እዚያ ላይ ጉልበታቸው ትንሽ እጥፍ እንዳለ መቅረት አለበት። ማሽኗ ከቀረበች የጉልበት ፊት ያማል፤ ከራቀች ሰውየው ሳያውቁት ወደ ፊት እየተንሸራተቱ ወገባቸው ይያዛል።

ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ማሽኗ በየዙሩ ትንሽ በትንሽ ትሸሻለች። ከሥሯ የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ካልበቃ የማሽኗን የኋላ እግር ከወንበሩ የፊት እግሮች ጋር በጠንካራ ገመድ ይሰሩት። ከሁሉ በላይ ግን ልብስ ይታይ። ከጉልበት ላይ የተንጠለጠለ ጋቢ ወይም ረጅም ቀሚስ በሚዞረው ክንድ ይጠመጠማል፤ እናትየው ለማላቀቅ ጎንበስ ሲሉ ነው የሚወድቁት። ጋቢው ይነሳ፣ ቀሚሱ ከጉልበት በታች ይሰብሰብ፣ እግር ላይ ሲሊፐር ሳይሆን ሽፍን ጫማ ይደረግ። ስኳር ኖሮባቸው እግራቸው የደነዘዘ ከሆነ የመርገጫው ማሰሪያ ቢልጣቸውም ላይሰማቸው ስለሚችል፣ ሲጨርሱ የእግራቸው ላይም ታችም በዓይን ይታይ።

አጀማመሩ ቀስ ያለ ይሁን፤ በመጀመሪያው ሳምንት በቀላሉ ክብደት 5 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ደቂቃ እየተጨመረ በአንዴ 15 ደቂቃ እስኪደርሱ። ፍጥነቱ በደቂቃ 50 ዙር አካባቢ ይበቃል። 15 ደቂቃው ሲቀልላቸው ሰዓቱን ማርዘም አያስፈልግም፤ 1 ደቂቃ ከበድ፣ 2 ደቂቃ ቀለል እያደረጉ አምስት ጊዜ መደጋገም ይሻላል። ትንሿ ስክሪን ዙሩንና ሰዓቱን በደንብ ትቆጥራለች፤ ካሎሪ ብላ የምታወጣው ቁጥር ግን የሰውየውን ዕድሜና ኪሎ የማታውቅ ማሽን ግምት ነው፣ አይቁጠሩት።

ልክ መሆኑን በልብ ምት ለመለካት አይሞክሩ፤ ለግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የሚወስድ ሰው ቢደክምም ምቱ እንደሌላው ሰው አይጨምርም። የሚሻለው እያወሩ መርገጥ ነው፤ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃታቸው ልክ ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው በዝቷል። ደረት ላይ ጫና፣ ማዞር፣ ወይም አንዱ ባት ብቻ አብጦ መታመም ካለ ወዲያው ቆሞ ሐኪም ዘንድ ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ እናት እስከ 9 ሰዓት ጾመው ከምግብ በፊት ቢረግጡ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከታየ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ለስላሳ ወዲያው ይሰጣቸው።

አሁን ወደ ቀረው ግማሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቂያ ይመክራል። ፔዳሏ የምትመልሰው የመጀመሪያውን ነው። ተቀምጠው ስለሚሠሩ ሚዛን አይለመድም፣ አጥንትም የሰውነትን ክብደት አይሸከምም። አዛውንትን ለስብራት የሚዳርገው ደግሞ መውደቅ ነው። ወር ሙሉ ረግጠው ከሽንት ቤት መቀመጫ መነሳት ያቃታቸው ሰው ማሽኗን ቢያማርሩ አይፈረድባቸውም፤ ማሽኗ ግን ለዚያ አልተሠራችም።

ለዚያ የሚሠራው ያው ወንበር ነው። ፔዳሏን ገለል አድርገው፣ እጅን ደረት ላይ አጣምረው ይቀመጡ። እግር የዳሌን ያህል ይራራቅ፣ ተረከዝ ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን፣ ደረት ወደ ፊት ዘንበል ይበልና ይነሱ። ሲቀመጡ ዝርግፍ ሳይሆን ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ነው፤ ጡንቻውን አጥብቆ የሚያሠራው ይኸኛው ነው። ባይችሉ በእጃቸው ጭናቸውን ይደገፉ፣ ወይም ወንበሩ ላይ ጠንካራ ትራስ ይደረግ። 8 ጊዜ፣ አረፍ ብሎ እንደገና 8 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን። ይኸው መልመጃ መለኪያም ይሆናል። እጅ ሳይደገፉ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነሱ? ከ70 እስከ 74 ዓመት ያለች ሴት ከ10 በታች፣ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ነው፤ የመውደቅ ስጋት አለ ማለት ነው። በየወሩ ቆጥሮ መጻፍ ከስክሪኗ ቁጥር የበለጠ ይናገራል።

ለሚዛን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን 10 ጊዜ ማንሳት፣ ከዚያም የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አስጠግቶ 10 ሰከንድ መቆም ይበቃል። ለእጅና ለትከሻ የሚለጠጥ ላስቲክ አለ፤ ግራም እንጂ ኪሎ አይመዝንም፣ ዋጋውም ከፔዳሏ በብዙ ያንሳል። በታወቀው የቴራባንድ ምርት ቢጫው ከቀላሎቹ አንዱ ነው፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴ ነው፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ቀለሙን እንደፈለጉ ስለሚያደርጉ ማሸጊያውን ያንብቡ። ፀሐይ ላይ ከተተወ ይሰነጣጠቃል፤ የተሰነጠቀ ላስቲክ ሲበጠስ ዓይን ይመታል፣ ስለዚህ ይጣል።

ለማን ትገዛ? ጉልበታቸውን ቁርጥማት ለያዛቸው፣ ሰፈሩ ዳገትና ድንጋይ በዝቶበት ለማይወጡ፣ ክረምቱን ቤት ለሚከርሙ። በቅርቡ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው፣ አጥንታቸው ለተሰበረ ወይም እግራቸው ላይ ደም የረጋባቸው ሐኪማቸው ካልፈቀደ አይሞክሯት። ጠዋት ተነስተው ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው፣ ሰግደው ተነስተው የሚመለሱ እናት ደግሞ ፔዳል አያስፈልጋቸውም፤ ከወለል ወርዶ መነሳት ከየትኛውም ማሽን ይከብዳል። ለእሳቸው ገንዘቡ ተረከዙ የተሸፈነ፣ ሶሉ የማያንሸራትትና በደንብ የሚታሰር ጫማ ላይ ቢውል ይሻላል።