ስድስት ፓነል በሁለት ጀሪካን፦ አዘዞ ላይ ያሠራሁት የሶላር ጽዳት

በመኖሪያ ቤቴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስድስት ባለ 330 ዋት የሶላር ፓነሎች ከተተከሉ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗቸዋል። ቤቱ የሚገኘው ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ ውስጥ፣ ወደ መተማ ከሚወስደው ዋና መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮብልስቶን ባልደረሰው የውስጥ መንገድ ዳር በመሆኑ፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ከደረቀበት ጊዜ ጀምሮ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የሚነሣው አቧራ ማረፊያው የእኛ ጣሪያ ነው። የተከለልኝ ባለሙያ «ሶላር ተክሎ መርሳት ነው» ብሎኝ ስለነበር እንደ ምክሩ ረሳሁት። በሁለተኛው በጋ ግን፣ መብራት በጠፋ ቀን እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ያደርሰን የነበረው ባትሪ ገና በሦስት ሰዓት መጮህ ሲጀምር፣ ባትሪው አልቋል ብዬ የአዲስ ዋጋ እስከ መጠያየቅ ደረስሁ። ልጄ መሰላል ተደግፎ ጣቱን በመስታወቱ ላይ ሲስበው ጣቱ ያለፈበት ቦታ ጥቁር፣ የቀረው ሁሉ የምድጃ አመድ የመሰለ ሆኖ ስናየው ነው ጥፋቱ የባትሪው አለመሆኑ የገባን።

ከዚያ ወዲህ በሁለት የተለያዩ ቡድኖች አሳጥቤያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ማንነት አልጽፍም፤ ሥራቸውን የማነሣው ግን ሌላው ሰው እንዳይደገምበት ነው። የመጡት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ከሮቶው ጋር አያይዘው፣ እጅ በማያስነካው መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቁበት። የፈላ ሻይ የነበረበትን ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የነከረ ሰው ምን እንደሚከተል ያውቃል፤ የፓነል መስታወት የጠነከረ ስለሆነ በዚያ ቀን አልተሰነጠቀም፤ ይህ ግን ከዕድል የሚቆጠር እንጂ ከሙያ የሚቆጠር አይደለም። ከዚያም የዱቄት ሳሙና በትነው በልብስ ማጠቢያ ብሩሽ ፈተጉት። ግማሽ ሮቶ ውሃ አለቀ፤ ያውም ቧንቧችን በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን።

ሥራቸውን ጨርሰው የፓነሎቹን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት ወደሚቀይረው ኢንቨርተር ወሰዱኝና «ይመልከቱ ጋሼ፣ ከ1,050 ወደ 1,320 ዋት ወጣ» አሉኝ። እውነትም ወጥቷል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሼ ሳየው ግን 1,210 ላይ ቆሟል። ነገሩ በኋላ ሲገባኝ እንዲህ ነው፦ እንዲህ ያለው ፓነል ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ መጠን ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.4 ያህል ጉልበት ያጣል፤ በቀትር ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ የተኛ ፓነል ደግሞ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ የሆነ ፓነል ላይ እንኳ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሱበት ቁጥሩ ለጊዜው ይዘላል። ያሳዩኝ ጭማሪ ከፊሉ የጽዳት፣ ከፊሉ የቅዝቃዜ ነበር። አውቀው ነው ብዬ አልከሳቸውም፤ እነሱም ሳይገባቸው ቀርቶ ይሆናል። የሳሙናው ነገር ግን ይብሳል፦ በደንብ ሳይለቀለቅ የቀረው ሳሙና መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ፣ በሳምንቱ አቧራው ከበፊቱ በባሰ ተጣብቆ አገኘነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ በዚህ ዓመት በጋ ያሠራኋቸው ሁለት ወጣቶች ናቸው። ሱቅም ታፔላም የላቸውም፤ ስልካቸው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚተላለፍ፣ ከማራኪ ተነሥተው ከተማውን የሚያዳርሱ ልጆች ናቸው። ዋጋቸው ለአንድ ፓነል 150 ብር ስለሆነ ለስድስቱ 900 ብር ከፍያለሁ፤ መሰላሉን ይዘው የመጡት ራሳቸው ናቸው። የጠራኋቸው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ለጥምቀት ከባሕር ዳር የሚመጡ እንግዶች ስለነበሩብኝ ነው። ሕዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠል የወጣው ጭስና ጥላሸትም ገና ጣሪያው ላይ ነበር።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንመጣለን ብለው አንድ ሰዓት ሲሆን ደረሱ። ሰዓቱ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፦ መስታወቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃው ወዲያው አይተንም፣ ጤዛ ካለም አቧራውን አስቀድሞ አርሶት ይጠብቃል። አንደኛው በጀርባው ያዘለው ገበሬ ለፀረ ተባይ የሚጠቀምበትን ዓይነት መርጫ ነበር። ደንግጬ ኬሚካል ነክቶት እንደሆነ ስጠይቀው ለዚሁ ሥራ አዲስ የተገዛ መሆኑን ነገረኝ። በመርጫው ሦስቱን ፓነሎች እንደ ጉም ባለ ስስ ውሃ አረጠባቸውና ወርዶ ቆመ። ምን እንደሚጠብቅ ስጠይቀው «አቧራው ይራስ ጋሼ፣ በደረቁ ከተነካ ይቧጭራል» አለኝ። ትክክል ነው፤ አቧራችን ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ስላለ በደረቅ ጨርቅ መወልወል መስታወቱንና በላዩ ያለውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ረጅም እጀታ ባለው ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ሳይጫኑ አወረዱት፤ በመጨረሻም በመስታወት መጥረጊያ ጎማ ውሃውን ሳበው። ይህኛው እርምጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ ውሃው በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ጨው ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቴ ከአሸንዳው ሥር ሳፋ ደቅና የወረደውን ውሃ ለጌሾው አጠጣችው።

ከሁሉ የወደድሁት የእርግብ ኩሱን የያዙበትን መንገድ ነው። ሦስተኛው ፓነል ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ የያዘ የደረቀ ኩስ ነበር። ቢላዋ ወይም ሽቦ እስኪያወጡ ስጠብቅ፣ ልጁ እርጥብ ጨርቅ አጥፎ እንደ ፋሻ አለበሰውና ወደ ሌላው ሥራ ሄደ፤ ሲመለስ ኩሱ እንደ ሊጥ ለስልሶ በአንድ ጠረጋ ተነሣ። ይህ ትንሽ የሚመስል ቆሻሻ ከአቧራው ሁሉ ይልቅ ይጎዳል። የእኔ ዓይነቱ ፓነል በተከታታይ የተያያዙ 72 ሴሎች ያሉት ሲሆን፣ የተሸፈነን ክፍል ጅረቱ ዘሎት እንዲያልፍ በሚያደርጉ ሦስት ዳዮዶች ሥር ሃያ አራት ሃያ አራት ሆነው ተከፍለዋል። አንድ ሴል ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ በዚያው ክፍል ያሉት ሃያ አራቱም ከሥራ ሊወጡ ይችላሉ፤ የፓነሉ ሲሶ ሄደ ማለት ነው። ዳዮዱ ካልሠራ ደግሞ የተሸፈነው ሴል ራሱ እየጋለ ይቃጠላል። በዚያው ፓነል ሥር ከደረቅ ገለባ የተሠራ የእርግብ ጎጆም አግኝተው አንሥተዋል፤ ጫጩት አልነበረበትም እንጂ ባለቤቴ አታስነሣም ነበር። ከሽቦዎች ሥር የተከማቸ ደረቅ ገለባ ለእሳት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

የጽዳቱን ውጤት ልለካ ስለፈለግሁ በመጀመሪያው ቀን ሦስቱን ፓነሎች ብቻ እንዲያጥቡና ሦስቱን እንዲተዉልኝ ጠየቅሁ። ፓነሎቼ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት መስመር ስለሚወርዱ ለንጽጽር የተመቹ ናቸው። ልጆቹ ደስ ባይላቸውም ተስማሙ። መስታወቱ ደርቆ እንደገና እስኪሞቅ ቡና ጠጥተን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባትሪው ገና ሳይሞላ፣ ገመድ ታቅፎ አምፔር በሚለካው ክላምፕ ሜትር ሁለቱን ገመዶች ለካናቸው፦ የታጠበው መስመር 6.6 አምፔር፣ ያልታጠበው 5.6 አምፔር። አቧራው የወሰደብኝ ከመቶ 15 ያህል ነበር ማለት ነው። ባትሪው ከሞላ በኋላ ቢለካ ኖሮ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ራሱ ኃይሉን ስለሚቀንሰው ቁጥሩ ዋጋ አይኖረውም ነበር፤ በዋት ሳይሆን በአምፔር መለካታችንም የሙቀቱ ለውጥ አምፔሩን እምብዛም ስለማይነካው ነው። ማንም የሶላር አጣቢ ቢመጣባችሁ በዚህ ዓይነት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የቀሩትን ሦስቱን በማግሥቱ ጠዋት መጥተው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጨርሰዋል። ለስድስቱም የፈጀው ውሃ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው።

የማልስማማበትም አለ። አንደኛ፣ መርጫው ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያደርጋሉ። «ትንሽ ናት ጋሼ» ይላሉ፤ በእርግጥ የከባድ መኪና ጭስ የለጠፈው ቅባት ያለበት ጥላሸት በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ሆኖም ለዚያ ቦታ ብቻ መጠቀምና በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ሲገባ፣ በየፓነሉ መርጨታቸው ልማድ እንጂ አስፈላጊ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ሳያስጠፉ ወደ ጣሪያው ሊወጡ ነበር። ሦስት ፓነል በተከታታይ ሲያያዝ ከ130 ቮልት በላይ ይዟል፤ ብሬከሩ ቢጠፋም ብርሃን እስካለ ድረስ ፓነሉ ቮልቱን አይተውም፤ የተላጠ ሽቦ ላይ እርጥብ እጅ ካረፈ ቀልድ የለውም። አጥፍቼላቸው የወጡት እኔ ከተናገርሁ በኋላ ነው። የያዙት የብሩሽ እጀታም አሉሚኒየም በመሆኑ የመብራት ኃይል መስመር በጣሪያው አጠገብ ለሚያልፍበት ቤት አይሆንም። ሦስተኛ፣ ቆርቆሮውን በረገጡበት ቦታ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ትተዋል፤ ምስማር በተመታበት መስመር ላይ መርገጥን የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ባትሪውን እንዲያዩልኝ ስጠይቅም «የእኛ ሥራ አይደለም» አሉ፤ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ የማያውቁትን አለመንካታቸው ይሻላል፤ የባትሪ ውሃውን ራሴ ሞላሁ።

ሲሄዱ ፓነሎቹን ከቆርቆሮው ከፍ አድርገን እናዘንብልልዎ ብለውኝ ነበር። ሐሳቡ ለኃይል ሲባል ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽ አናታችን ላይ ደርሳ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተ ሰሜን ናት፤ ወደ ደቡብ ብዙ ማዘንበል በዚያ ወራት ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ለጽዳት ሲባል ከሆነ ግን ልክ ናቸው። የእኔ ፓነሎች ሊተኙ ምንም አልቀራቸውም፤ ለዚህም ነው በመጋቢት የጣለችው ካፊያ አቧራውን ጠርጋ ከማውረድ ይልቅ ወደ ታችኛው ጠርዝ ሰብስባ፣ ከፍሬሙ ጥግ የጣት ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ሠርታ የሄደችው። ፓነሎቼ በቁመታቸው የተተከሉ ስለሆኑ ያ መስመር የታችኛውን ረድፍ ሴሎች ሁሉ፣ ማለትም ሦስቱንም የዳዮድ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ይሸፍናል። መስታወቱ ከሩቅ ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ኢንቨርተሩ ግን ሌላ ይናገራል። ያንን ጠርዝ በርጥብ ስፖንጅ ለማንሣት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ለዚያ 900 ብር የሚከፍል ሰው ገንዘቡን የጠላ መሆን አለበት።

በእኔ ግምት በዓመት ሁለት ጊዜ እነሱን መጥራት ይበቃል፤ አንዱ ከጥምቀት በፊት፣ ሌላው በመጋቢት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ የእርግብ ኩስ ካልሆነ በቀር የሚያስቀረው የለም። ከዋናው መንገድ ራቅ ብለው፣ ለምሳሌ በጎሐ ዳገት አካባቢ፣ ለሚኖሩ አንድ ጊዜም ሊበቃ ይችላል። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መሰላልና ለስላሳ ብሩሽ ያለው ሰው ደግሞ ማንንም ሳይጠራ በራሱ ይወጣዋል፤ የእኔ ዕድሜ ግን ጣሪያ መውጣትን አይፈቅድም፤ ጠርዙንም ያነሣሁት ከመሰላሉ ሳልወርድ እጄ እስከ ደረሰበት ብቻ ነው። ያጣሁት ከመቶ 15 ትንሿ ማቀዝቀዣችን በቀን ከምትፈልገው ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በእኔ ቤት ክፍያው አላስቆጨኝም።

በመጋቢት መጨረሻ ተመልሰው ሲመጡ ሳሙናውን ትተው፣ ለጥላሸቱ ብቻ በትንሽ ጣሳ ለይተው ይዘው ነበር። እንደ ልማዳቸው ግማሽ ሰዓት ዘግይተዋል። ለሚቀጥለው ጥምቀት የሚፈልጋቸው ሰው በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢደውል ይሻላል፤ በበዓሉ ሰሞን ተራ አይደርስም።