ባለ ሁለት ቻናል የሊፖ ቻርጀርና ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፦ የ14 ወራት ልምድ

የምነዳው የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ የሚያህል የሪሞት መኪና ሲሆን፣ የሚሠራውም አራት ሴል (በተርታ የተያያዙ ትንንሽ ባትሪዎች) ባላቸው የ5000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪዎች ነው። አራት እንዲህ ያሉ ባትሪዎች አሉኝ። ላለፉት 14 ወራት ቻርጅ ያደረግኳቸው በዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ኤሌክትሪክ) ብቻ በሚሠራ ባለ ሁለት ቻናል፣ ማለትም ሁለት ባትሪ በአንድ ጊዜ በሚሞላ ቻርጀርና የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ወደ ዲሲ በሚቀይርለት፣ ለብቻው በተገዛ ፓወር ሰፕላይ ነው። የቻርጀሩን ብራንድ አልጠቅስም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ጨዋታ የተጠመደ ሰው የሚጠቀመው የወደደውን ሳይሆን መንገደኛ ይዞ የመጣለትን ስለሆነ፣ ለአንባቢ የሚጠቅመው የዕቃው ልክ እንጂ ስሙ አይደለም። ልኩም ይህ ነው፦ በእያንዳንዱ ቻናል እስከ 15 አምፔርና እስከ 250 ዋት ይሰጣል፤ በግብዓት በኩል የሚቀበለው ደግሞ ከ7 እስከ 28 ቮልት ነው።

ከዚህ በፊት የነበረኝ አይማክስ ቢ6 የተባለው ቻርጀር ቅጂ ነው። ዋናው ቢ6 በዘመኑ ብዙ ሰው የለመደበት ዕቃ ነበር፤ የእኔው ግን ማን እንደሠራው የማይታወቅ አስመስሎ የተሠራ ነው። ሳጥኑ ላይ 5 አምፔር ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን የቻርጀሩ ጠቅላላ አቅም 50 ዋት ብቻ ነው። አራት ሴል ያለው ሊፖ ሲሞላ 16.8 ቮልት ስለሚደርስ፣ 50 ለ16.8 ሲካፈል የሚገኘው 3 አምፔር ያህል ነው። ስለዚህ አንዱን ባትሪ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ አራቱን ለመሙላት ደግሞ ሙሉ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ይህንንስ እችለው ነበር፤ ያልቻልኩት ሌላውን ነው። አንድ ቀን ሞልቶ ያበቃ ባትሪ ከቻርጀሩ ነቅዬ ስይዘው ጎኑ ለስለስ፣ አበጥ ብሎ ስለተሰማኝ ሴሎቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለካኋቸው። ስክሪኑ 4.20 የሚለው ሦስተኛው ሴል 4.27 ቮልት ላይ ነበር። ሊፖ ከ4.20 ቮልት አልፎ ሲጫን ውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት እየተበላሸ ጋዝ ይፈጥራል፤ እብጠቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ከእብጠት ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ እሳት ሊሆን ይችላል። ያ ባትሪ ዳግም መኪና ላይ አልተገጠመም።

አዲሱን ስመርጥ መጀመሪያ ያሰላሁት አምፔሩን ሳይሆን ዋቱን ነው። የ5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በአንድ ሲ (ባትሪውን በአንድ ሰዓት ያህል በሚሞላ ፍጥነት)፣ ማለትም በ5 አምፔር ቻርጅ ሲደረግ፣ መጨረሻው ላይ 5 በ16.8 ሲባዛ 84 ዋት ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ 168 ዋት ይሆናሉ፤ ቻርጀሩ ራሱ በሙቀት መልክ የሚያባክነው ሲታከልበት ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ወደ 190 ዋት ይጠጋል። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ የቀረው የሻጭ ወሬ ነው። ታዲያ 84 ዋት ለሚበቃው ባትሪ የ250 ዋት ቻናል ምን ያደርጋል ቢባል፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ጠይቄዋለሁ። በ14 ወራት ውስጥ ከ5 አምፔር በላይ የተጠቀምኩት ከስንት አንዴ ነው፤ ባትሪውን ያሞቀዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። ትርፉን ያየሁት በሌላ በኩል ነው፦ በአቅሙ ሲሶ የሚሠራ ዕቃ ስለማይሞቅ፣ አሮጌው ቻርጀር እጅ ሲያቃጥል ይኼኛው ለብ ከማለት አያልፍም።

ፓወር ሰፕላዩን በተመለከተ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ከኮምፒውተር ሰርቨር የወጣ ያገለገለ ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ ማስተካከል ነው፤ ርካሽና ጉልበታም ቢሆንም ቬንትሌተሩ ሲነሳ ቤት ውስጥ መነጋገር ያስቸግራል። እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን፣ ሚን ዌል የተባለው አምራች የሚሠራውን ኤልአርኤስ-350-24ን ነው፤ 24 ቮልትና 14.6 አምፔር፣ በድምሩ 350 ዋት ይሰጣል። 24 ቮልትን የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ያንኑ 190 ዋት በ12 ቮልት ለማድረስ 16 አምፔር ያህል በሽቦው ማለፍ አለበት፤ በ24 ቮልት ግን 8 ይበቃል። ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ስለሚጨምር፣ አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ብዙዎቹ የዛሬ ቻርጀሮችም ሙሉ ዋታቸውን የሚሰጡት ወደ 24 ቮልት አካባቢ ሲመገቡ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ እንደ ቢ6 ያሉት አሮጌ ቻርጀሮች የሚቀበሉት ከ11 እስከ 18 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ 24 ቮልት የተሰካባቸው ዕለት ያበቃላቸዋል። አሮጌዬን ከዚህ ፓወር ሰፕላይ አጠገብ ያራቅሁት ወንድሜ ተሳስቶ እንዳይሰካው ፈርቼ ነው።

ይህ ዓይነቱ ፓወር ሰፕላይ የሶኬት ገመድ ይዞ አይመጣም፤ በብረት ሳጥን ጠርዝ ላይ ዘጠኝ ብሎኖች ተደርድረው ይመጣሉ፤ ፌዙን፣ ኒውትራሉንና ኧርዙን የሚያስረው ገዢው ራሱ ነው። ኤሌክትሪክ የማያውቅ ሰው ይህንን ለባለሙያ ይተወው፤ ብሎኖቹ ላይ የሚደርሰው 220 ቮልት ነውና። ከሁሉም በላይ ግን መታየት ያለበት በሳጥኑ ጎን፣ በወንፊቱ ቀዳዳ በኩል በካቻቪቴ ጫፍ ብቻ የሚደረስበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ ነው። በአንድ በኩል 115፣ በሌላ በኩል 230 የሚል ተጽፎበታል፤ አሜሪካ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው፣ እዚህ ላለነው ደግሞ ሁለተኛው ይሆናል። 115 ላይ እንዳለ ከእኛ መስመር ጋር ቢገናኝ ሁለተኛ ዕድል የለውም። የእኔን ከማገናኘቴ በፊት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ቮልቴጁን የምታስተካክለው ትንሽ ብሎንም አለች፤ ከ21.6 እስከ 28.8 ቮልት ድረስ ስለምትወስድ፣ ቻርጀራቸው ከ28 በላይ የማይቀበል ሰዎች እስከ ጥግ እንዳያዞሯት። እኔ ቴስተር ይዤ 24 ላይ አቁሜያታለሁ።

የቻርጀሩን መሰኪያ ፓወር ሰፕላዩ በርቶ እያለ ብናገናኘው ጧ የሚል ብልጭታ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ቻርጀሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ስለሚሞሉ ነው፤ ብልሽት ባይሆንም የመሰኪያውን ወርቃማ ፒን ቀስ በቀስ ያጠቁረዋል። መጀመሪያ አገናኝቶ በኋላ ማብራት ችግሩን ይፈታዋል፤ እኔ ይህን የተማርኩት አንዱ ፒን ከጠቆረ በኋላ ነው።

በጣም ያስገረመኝ ነገር የመጣው ከኩሽና ነው። አንዳንድ ቀን ቻርጀሩ ያለ ምክንያት የግብዓት ቮልቴጅ ወረደ ብሎ እየጮኸ ይቆማል። ፓወር ሰፕላዩን ጠረጠርኩ፤ ሽቦውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በኋላ ነው ቀኑ ሁልጊዜ እማዬ እንጀራ የምትጋግርበት ቀን መሆኑን ያስተዋልኩት። ምጣዱ ሲሰካ ሶኬቱን ብለካው 220 መሆን የነበረበት 178 ቮልት ሆኖ አገኘሁት፤ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ በ230 አቀማመጥ ላይ እንዲሠራ የተበጀው ከ180 እስከ 264 ቮልት ባለው ክልል ነው። «እማዬ፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የምትጋግሪው?» ስላት «ደግሞ ምጣዴ ምን አደረገህ?» ብላ ሳቀች። አሁን ፕሮግራሜን በእሷ ፕሮግራም አስተካክያለሁ። ተሰንጥቆ ከጓዳ የወጣውን አሮጌ ምጣዷንም ወስጄ ባትሪዎቹን ቻርጅ የማደርገው እሱ ላይ አስቀምጬ ነው፤ ሸክላ አይቃጠልም፤ አጠገቡም አንድ ባልዲ አሸዋ አለ።

የከተማችን ከፍታም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ቬንትሌተር የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ አምራቹም ከ2000 ሜትር በላይ በየ1000 ሜትሩ የሚፈቀደውን የአካባቢ ሙቀት በ5 ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ብትሆንም አየሯ ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚያሳስብ ነገር አላየሁም። ለጥንቃቄ ያህል ግን ቻርጀሩ ከ300 ዋት በላይ እንዳይስብ ከሜኑው ገድቤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ገደብ የሌለው ባለ 500 ዋት ቻርጀር ከ350 ዋት ፓወር ሰፕላይ ጋር ባይጣመር ይሻላል።

ከቻርጀሩ ተግባራት ሁሉ ባትሪዎቼን ያተረፈልኝ ስቶሬጅ የሚባለው ነው። ሊፖ ሞልቶም ሆነ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ ይጎዳል፤ ሲቀመጥ በየሴሉ 3.80 ወይም 3.85 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ክረምቱን፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መባቻ፣ ዝናብና ጭቃው መኪናውን ስለሚያስቀምጠው አራቱንም በ3.80 ቮልት አስቀመጥኳቸው፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ስለካቸው ከ3.79 በታች የወረደ ሴል አልነበረም። የሚያናድደኝ ግን ሞልቶ ያልተነዳ ባትሪን ወደዚያ ለማውረድ የሚወስደው ጊዜ ነው። ቻርጀሩ ለብቻው ሲያወርድ ጉልበቱን በሙቀት ብቻ ስለሚያጠፋ ከ15 ዋት አይበልጥም፤ ከ30 ዋት ሰዓት በላይ ለማውረድ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ነገ እነዳለሁ ብዬ ማታ መሙላት ትቻለሁ። ሌላው ቅሬታዬ ሜኑው ላይ ነው፤ የምትዞረው ቁልፍ ከአሥረኛው ወር በኋላ አንድ ሲሏት ሁለት መዝለል ጀምራለች፤ አምፔር ስመርጥ ቁጥሩን ደግሜ ካላየሁ አላስጀምርም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ በዲሲ መሥራቱ ጠቀመኝ። ቤታችን ውስጥ ኢንቨርተር ላይ የተገጠመ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለ፤ በኢንቨርተሩ አዙሬ ወደ 220 ከፍ አድርጌ መልሼ ከማወርደው ቻርጀሩን በቀጥታ ከእሱ ጋር፣ በመሐል ፊውዝ አስገብቼ አገናኛለሁ። የእኔ ባትሪ አንዱ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ብክነቱን ጨምሮ ባዶውን ለመሙላት ከትልቁ ባትሪ 7 አምፔር ሰዓት ያህል ይወስዳል። የግብዓቱን ዝቅተኛ ገደብ 11.8 ቮልት ላይ ስላደረግሁት ቻርጀሩ የቤቱን ባትሪ ሳይጨርስ ራሱ ይቆማል።

እንደገና ብገዛ ፓወር ሰፕላዩን ሳልለውጥ፣ ከቻርጀሩ ግን የሴሎችን የውስጥ መቋቋም (ሴሉ ሲያረጅ የሚጨምረውን፣ በሚሊኦም የሚለካውን) በትክክል የሚያሳየውን እመርጥ ነበር። የአሁኑም ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን ባትሪው ቀዝቅዞ ሲለካና ሞቅ ብሎ ሲለካ ስለሚለያይ፣ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከመነዳቱ በፊት እለካለሁ። ሦስቱ ባትሪዎች በየሴላቸው ከ3 እስከ 4 ሚሊኦም ላይ ናቸው። የአራተኛው ሁለተኛ ሴል ባለፈው ወር 11 ደርሷል፤ ባላንስ ለማድረግም፣ ማለትም የሴሎቹን ቮልቴጅ እኩል ለማድረግ፣ ከሌሎቹ 20 ደቂቃ ይበልጥ ይፈጃል። እሱን ከመኪናው አውጥቼ በ1 አምፔር ብቻ እየሞላሁት ለወንድሜ መብራት ሰጥቻለሁ፤ ምትኩ ከ100 ዋት ሰዓት ስለማይበልጥ ከዱባይ በሚመጣ ዘመዳችን የእጅ ሻንጣ ውስጥ፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ይመጣል።