«ፍቅር እስከ መቃብር»፦ ወሎ ላይ ለሚገዛውና ለሚያነበው

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ከደሴ ፒያሳ እስከ ወልድያ፣ መጽሐፍ ተዘርግቶ በሚሸጥበት ሁሉ ይጠየቃል። ከ500 ገጽ በላይ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ስለሆነ የጀመረው ሁሉ አይጨርሰውም። የሚተዉት አንባቢዎች የሚያቆሙበት ቦታ ደግሞ ተቀራራቢ ነው፤ አብዛኞቹ ገና መግቢያው ላይ ይደክማሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፍቅር ታሪክ ነው ተብለው የገቡት በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ሲጠብቁ፣ ደራሲው ጎጃም ማንኩሳ ላይ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ይዞ ይቆያል። ይህን ክፍል ዘልለው ወደ ፍቅሩ የሚሮጡ አሉ። አይዝለሉት። ሁለቱ የበዛብህ ወላጆች ናቸው፤ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን በስለት ሲሰጡ የሕይወቱ ቋጠሮ እዚያው ይታሰራል። ስለቱን ያላነበበ ሰው፣ በኋላ በዛብህ ሰብለን እየወደደ ለምን እንደሚያመነታ አይገባውም፤ ፈሪ ወይም ወላዋይ ብቻ ይመስለዋል። ስለት የሚሳልበትና የሚፈራበት አገር ሰው ግን፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ የልጁን ጭንቀት ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው የቤተ ክህነቱ ትምህርት ነው። በዛብህ ዲማ ጊዮርጊስ ሲደርስ ቅኔው፣ ዜማውና የደብሩ ሥርዐት ይበዛል። ወሎ ውስጥ ይህ ክፍል ለሙስሊም አንባቢ ይከብዳል ሲባል ይሰማል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ስሞቹ ባዳ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ኑሮው ግን ባዳ አይደለም። የወሎን የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች፣ ዳናን፣ ገታን፣ ጀማ ንጉሥን የሚያውቅ ሰው ደረሳ ማለት ምን እንደሆነ አይነገረውም፦ ከቤተሰቡ ርቆ፣ ቀለቡን ከመንደሩ እያገኘ፣ አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሸህ ሌላውን ከሌላው ሸህ እየቀራ የሚዞር ልጅ ነው። የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ ለዜማ አንዱን መምህር፣ ለቅኔ ሌላውን ፍለጋ አገር ያቋርጣል። በዚህ በር የገባ አንባቢ የዲማን ምዕራፎች ሳይሰለች ይዘልቃቸዋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉልበት ግን፣ በእኔ ግምት፣ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ውስጥ ነው። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር የለም እያሉ ጠያቂ ሲመልሱ የሰብለ ዕድሜ ይገፋል፤ ፊደል እንዲያስተምራት ብለው የሚያስገቡት ደግሞ የድኻውን ልጅ በዛብህን ነው። ሐዲስ ፊታውራሪውን ክፉ ብቻ አድርጎ አልሣላቸውም። የሚያስቁም፣ የሚያሳዝኑም፣ ከኩራታቸው በቀር ምንም ያልቀራቸውም ሰው ናቸው። ወይዘሮ ጥሩአይነትን፣ በባልና በልጅ መካከል የምትቃጠለውን እናት፣ ያህል በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ተሟልታ የቀረበች እናት ጥቂት ናት።

ጉዱ ካሳ ላይ አንባቢ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ካሳ ዳምጤ የዚያው ቤት ዘመድ ሆኖ የወገኖቹን ልማድ ስለሚነቅፍ «ጉዱ» የተባለ ሰው ነው። መጽሐፉን በሙሉ ለእሱ ሲሉ የሚወዱት አሉ፤ ንግግሩ ረዘመብን የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ካሳ ሲናገር ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይህ የድርሰቱ እውነተኛ ድካም ነው። መፍትሔው እነዚያን ገጾች ማታ እንቅልፍ ሲመጣ አለማንበብ ነው። ጓደኛሞች ሆነው ከሚያነቡት አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብና ሌሎቹ እያቋረጡ ቢከራከሩበት ክፍሉ ነፍስ ይዘራል፤ የተጻፈውም እንደ ክርክር ነው።

ባላገሮቹ በፊታውራሪው ላይ ስለሚያነሡት አመፅ ያለው ስሜት ደግሞ በዕድሜ ይለያያል። መሬት ለአራሹ በየካቲት 1967 ከመታወጁ በፊት ምርቱን ሲሶ ወይም እርቦ እየከፈለ ያረሰ የወሎ ሽማግሌ፣ አበጀ በለው ከሚመራቸው ባላገሮች ጋር ወዲያው ያብራል። ወጣቱ ግን ፍቅሩን ያቋረጠበት ጣልቃ ገብ አድርጎ ያየዋል። ለወጣቱ አንድ ነገር ይጠቅመዋል፦ ባላገሮቹ የተነሡት ግብር አንከፍልም ብለው አይደለም፤ ከደንቡ ውጭ ተጨማሪ ስለተጠየቁ ነው። ይህን ይዞ ቢያነብ ክርክሩ ይጠራለታል፤ የፊታውራሪው ውርደት ለምን እንዲያ እንደከበዳቸውም ይታየዋል።

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን አግኝቶ ማዳመጥ ከመጽሐፉ ጋር ይመከራል፣ በመጽሐፉ ምትክ ግን አይደለም። አንድ ምዕራፍ አንብቦ ያንኑ መስማት ጥሩ ነው። አስቀድሞ የሰማ ሰው የጉዱ ካሳን ድምፅ ከጆሮው ማውጣት ስለሚያቅተው የራሱን ካሳ ሳይፈጥር ይቀራል።

አሁን ስለ ቅጂው። ሐዲስ የፊደል መሻሻል ተሟጋች ስለነበሩ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። «አለ» ተናገረ ማለት ሲሆን ነጥብ የለውም፤ አንድ ነገር መኖሩን ሲያመለክት «ለ» ላይ ነጥብ ይኖራል። ይህን ያላወቀ ገዥ ነጥቦቹን የማተሚያ ቤት ቆሻሻ ያደርጋቸዋል። ከእትም ላይ ተነሥቶ በተባዛ ቅጂ ደግሞ እውነተኛው ነጥብ ይጠፋና የወረቀቱ እንከን በቦታው ነጥብ ይሆናል፤ ያኔ ምልክቱን አለማመን ነው የሚሻለው።

የተባዛ ቅጂ ሌላም ጣጣ አለው። ቀለሙ ሲደበዝዝ የፊደሉ ቅጥያ ይበላል፤ «ቡ» «በ» ይመስላል፣ የ«ቤ» ቀለበት ይሞላና «ቢ» ይሆናል። በጥራዙ በኩል ያለው የመስመር ጫፍም ይቆረጣል። ስለዚህ ሽፋኑን ትተው መሀሉን ይግለጡ፤ በጥራዙ ጥግ ያሉትን ቃላት እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ ካልቻሉ ይመልሱት። ያገለገለ ዋናው እትም፣ ቢያረጅም፣ ከአዲስ ብዥታ ይበልጣል።

ያገለገለው ላይ የሚፈራው የገጽ መጉደል ነው። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ ጥቅል ስለሚጠረዝ፣ ሙጫው ሲደርቅ የሚወድቀው አንድ ቅጠል ሳይሆን ጥቅሉ በሙሉ ነው። የገጹን ቁጥር በየ10 ገጹ እየዘለሉ ይከተሉ። ሰብለ መነኩሴ መስላ ከቤት የምትወጣበት ክፍል መኖሩን ለይተው ይፈልጉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚቀደደው የመጨረሻው ቅጠል ነውና እሱን ሳያዩ ሒሳብ አይክፈሉ።