በሪዘርቭ የሥራ መስኬን እንድመርጥ ለረዱኝ ሳጅን የቀረበ ምስጋና

በሜሪላንድ በነርስ ረዳትነት እየሠራሁ ወደ አሜሪካ ጦር ሪዘርቭ፣ ማለትም በትርፍ ጊዜ ወደሚያገለግለው ተጠባባቂ ጦር፣ ለመግባት በወሰንኩ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፊርማዬ ድረስ ያልተለዩኝን መልማይ ሳጅን በአደባባይ ማመስገን እወዳለሁ።

ከእርሳቸው በፊት ያነጋገርኩት መልማይ «አሁን ፈርሚ፣ መስኩን በኋላ ትቀይሪዋለሽ» ብሎኝ ነበር። እኚህ ሳጅን ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ የምኖርበትን ሰፈር ነው። በሪዘርቭ የሥራ መስክ የሚገኘው ከቤት ተመላልሶ ለማገልገል በሚቻልበት ርቀት ላይ ባሉ የጦር ክፍሎች ውስጥ ክፍት ቦታ ሲኖር ስለሆነ፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሁድ የምነዳውን መንገድ ሳያስቡ መስክ መምረጥ ትርጉም እንደሌለው ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው።

የተመኘሁት የጦር ሜዳ ሕክምና ባለሙያነትን፣ በጦሩ የሥራ መስክ ኮድ 68 ደብልዩ የሚባለውን ነበር። መስኩ አስቫብ ከሚባለው የጦሩ መግቢያ ፈተና ጂቲ በሚባለው ነጥብ 107፣ ኤስቲ በሚባለው ደግሞ 101 ይጠይቃል፤ እኔ በመጀመሪያው ፈተና ጂቲ 103 አመጣሁ። ሳጅኑ በዚያው ውጤት ሌላ መስክ አስመርጠው ሊያስፈርሙኝ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን አንድ ወር ጠብቄ እንድፈተን መከሩኝ፤ ጂቲ የሚሰላው ከቃላት እውቀት፣ አንብቦ ከመረዳትና በጽሑፍ ከሚቀርቡ የሒሳብ ጥያቄዎች መሆኑን ነግረውኝም በየሳምንቱ ሁለት ምሽት አጠገቤ ተቀምጠው አስጠኑኝ። ረጅሙን የሒሳብ ጥያቄ ሳይ ወደ ቁጥሮቹ እቸኩል ስለነበር፣ እርሳሱን ከእጄ ወስደው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያሰምሩና «መጀመሪያ የተጠየቅሽውን እወቂ» ይሉኝ ነበር። በእንግሊዝኛ አፉን ላልፈታ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። በሁለተኛው ፈተና 110 አመጣሁ።

የሚከብደውንም አልደበቁኝም። የአሥር ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና፣ ከዚያም በቴክሳስ ፎርት ሳም ሂውስተን 16 ሳምንት ያህል የሕክምና ሥልጠና እንደሚጠብቀኝ፣ የድንገተኛ ሕክምናውን ብሔራዊ ፈተና ካላለፍኩ ወደ ሌላ መስክ ልመደብ እንደምችል፣ ጠቅላላ ግዴታውም ስምንት ዓመት እንደሆነ በግልጽ ነገሩኝ። እናቴ «ልጄን ጦርነት ይልኳታል?» ብላ በእኔ አስተርጓሚነት ስትጠይቃቸው፣ ሪዘርቭ ለግዳጅ ሊጠራ እንደሚችል ሳይሸሽጉ መለሱላት፤ ልቧ የተረጋጋው እውነቱን ስለሰማች ይመስለኛል።

በሜሪላንድ ወዳለው የጦር ሰፈር ወደ ፎርት ሚድ ለፊርማ ስሄድ የሥራ መስኩ ኮድና የተመደብኩበት ክፍል በውሉ ላይ መጻፋቸውን ራሴ እንዳረጋግጥ፣ በቃል ተነግሮኝ በወረቀቱ ላይ የሌለውን ሁሉ እንዳልተባለ እንድቆጥረው አሳስበውኝ ነበር። በውሉ ላይ 68 ደብልዩ የሚለውን በጣቴ ነክቼ ካየሁ በኋላ ፈረምኩ።

በሜሪላንድና በአካባቢው የምትኖሩ፣ ሪዘርቭ ለመግባት የምታስቡ ወገኖች፣ በተለይም ገና ግሪን ካርድ ይዛችሁ የትኞቹ መስኮች ዜግነት እንደሚጠይቁ ለማወቅ የምትፈልጉ፣ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ከእርሳቸው ጋር አገናኛችኋለሁ። ሳጅን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።