ቀይ ነጥብ መነጽርን በውድድር ሽጉጥ ላይ ማሰር፦ ፕሌት፣ በፍሬዛ የተቆፈረ ስላይድ፣ የኋላ ቦይ ወይስ ፍሬም?

ለውድድር ሽጉጡ ቀይ ነጥብ መነጽር፣ በተለምዶ ሬድ ዶት የሚባለውንና በመስታወቱ ላይ በሚታይ ቀይ ነጥብ የሚያነጣጥሩበትን፣ ሊገዛ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው መነጽሩን በመምረጥ ላይ ነው። የነጥቡን መጠን፣ የመስታወቱን ስፋትና የባትሪውን ዕድሜ ሲያወዳድር ይከርምና፣ መነጽሩ ከሽጉጡ ጋር በምን እንደሚያያዝ ማሰብ የሚጀምረው ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መካከለኛ ዋጋ ያለው መነጽር በጠበቀ መቀመጫ ላይ ዓመታት ሲያገለግል አይቻለሁ፤ ውዱ መነጽር የላላ ፕሌት (በመነጽሩና በሽጉጡ መካከል የሚገባ ስስ ማገናኛ ጠፍጣፋ) ላይ ሲታሰር ግን በየሳምንቱ እንደ አዲስ መስተካከል ይፈልጋል።

ምክንያቱን ቀላል ሒሳብ ያሳየዋል። የመነጽሩ መቀመጫ ርዝመት 40 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የመቀመጫው አንዱ ጫፍ በ0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በአንድ ወፍራም የጸጉር ዘለላ ያህል፣ ወደ ጎን ቢንሸራተት በ25 ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱ ከታሰበው ቦታ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዩኤስፒኤስኤና በአይፒኤስሲ፣ ማለትም በአሜሪካና በዓለም አቀፍ የተግባራዊ ተኩስ ውድድር ማኅበራት፣ የካርቶን ኢላማ ላይ ከፍተኛው ነጥብ የሚሰጥበት ክልል ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ያለው 7.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ያቺ በዓይን የማትታይ መንሸራተት ተኳሹ ምንም ሳያጠፋ የስሕተት ድርሻውን ከሞላ ጎደል ጨርሳ ትወስድበታለች ማለት ነው።

ነገሩ በእኔም ደርሷል። ቨርጂኒያ ውስጥ በተደረገ አንድ የክለብ ውድድር አራተኛው ስቴጅ (የተኩስ ዙር) ላይ ጥይቶቼ ሁሉ ወደ ግራ ማድላት ጀመሩ። ምላጩን በደንብ ስላልሳብኩ ነው ብዬ ጣቴን ሳስተካክል ሁለት ስቴጅ አለፈ። መነጽሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ስመለከት መላላታቸውን ለማወቅ በላያቸው ላይ ያሰመርኩት ነጭ የቀለም መስመር ምንም አልተዛነፈም። ቤት ገብቼ መነጽሩን ስፈታው ግን ከሥሩ ያሉት፣ ፕሌቱን ከስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላና ወደ ፊት ከሚመላለሰው የሽጉጡ የላይኛ ክፍል) ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በጣት የሚዞሩ ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም አሳሰር የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ በነጥቡና በስላይዱ መካከል ስንት መጋጠሚያ አለ፣ ከእነዚህስ ስንቱን ሳልፈታ ማየት እችላለሁ?

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቱ በፊት ገዢው የሚወዳደርበትን ምድብ ማወቅ አለበት። በዩኤስፒኤስኤ ካሪ ኦፕቲክስና በአይፒኤስሲ ፕሮዳክሽን ኦፕቲክስ ምድቦች መነጽሩ ስላይዱ ላይ መታሰር አለበት፤ ከፍሬሙ፣ ማለትም ከማይንቀሳቀሰው የሽጉጡ አካል፣ ጋር ማያያዝ አይፈቀድም። የኦፕን ምድብ ሁለቱንም ይቀበላል። በኦሊምፒክ ስልት የሚተኩሱ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የሚመሩ የሽጉጥ ተወዳዳሪዎች ደግሞ ክፍት ማነጣጠሪያ ብቻ እንዲጠቀሙ ስለሚገደዱ ይህ ጉዳይ አይመለከታቸውም።

በስላይድ ላይ ለማሰር በዛሬው ገበያ በጣም የተስፋፋው መንገድ ከፋብሪካ የሚመጣው የፕሌት ሥርዓት ነው። ግሎክ በ2015 ኤምኦኤስ በሚል ስም ያወጣው ሥርዓትና የሲዜድ ሻዶው 2 ለመነጽር የተዘጋጀው ሞዴል የዚህ ዓይነት ናቸው። ስላይዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ሰፋ ያለ ቦታ ተቆፍሮለት ይመጣል፤ ገዢው እንደ መነጽሩ የመቀመጫ ቅርጽ የሚስማማውን ፕሌት መርጦ በቦታው ያስቀምጣል፣ መነጽሩን ደግሞ በፕሌቱ ላይ ያስራል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዛሬ የሆሎሰን መነጽር የያዘ ሰው ነገ የሉፖልድ ቢያምረው ፕሌቱን ብቻ ይለውጣል፣ ሽጉጡን ሲሸጥም የሚቀበለው ገዢ ብዙ ነው። ጉዳቱ መጋጠሚያው ሁለት መሆኑ፣ አንደኛውም ከመነጽሩ ሥር መደበቁ ነው። በዚያ ላይ ቀጭን ፕሌት ብሎኑ የሚነክስበት ጥርስ ጥቂት ስለሚሆን፣ በተለይ ከአልሙኒየም ሲሠራ፣ ደጋግሞ በማጥበቅ ብዛት ጥርሱ ይበላል። ስለዚህ ፕሌት የሚመርጥ ሰው ከአረብ ብረት የተሠራና በስላይዱ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ክፍተት ገጥሞ የሚቀመጥ ፕሌት እንዲፈልግ እመክራለሁ። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ቀን የልምምድ ጥይት ወጪ እምብዛም አይበልጥም።

ሁለተኛው መንገድ ስላይዱን ለአንድ መነጽር ብቻ በፍሬዛ (በብረት መቆፈሪያ ማሽን) ማስቆፈር ነው። እዚህ መጋጠሚያው አንድ ብቻ ይሆናል፣ መነጽሩም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ የዚህ አሠራር ትልቁ ቁም ነገር ዝቅታው አይመስለኝም፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው የጉድጓዱን ግድግዳ ነው። ስላይዱ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላ ሲወረወርና ተመልሶ ሲዘጋ መነጽሩ በራሱ ክብደት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። ጉድጓዱ በልኩ ከተቆፈረ ግፊቱን የሚሸከሙት የፊትና የኋላ ግድግዳዎቹ እንዲሁም በመነጽሩ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገቡት ትንንሽ ጉብታዎች ሲሆኑ፣ ብሎኖቹ የሚቀራቸው ሥራ መነጽሩን ወደ ታች መጫን ብቻ ነው። ጉድጓዱ ከሰፋ ግን ግፊቱ በሙሉ ብሎኖቹ ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ በፍሬዛ መቆፈሩ ከደህና ፕሌት የማይሻልበት ሁኔታ ይፈጠራል። ለዚህ ነው ባለሙያ ሲመረጥ መነጽሩን ራሱን ከስላይዱ ጋር እንዲላክለት የሚጠይቀውን መምረጥ የሚሻለው፤ በካታሎግ ልክ ብቻ ከሚቆፍረው ይልቅ ዕቃውን ይዞ እየለካ የሚቆፍረው ክፍተት የሌለው መቀመጫ ያወጣል። የተቆፈረው ቦታ ራቁቱን የቀረ ብረት ስለሆነ ላብና እርጥበት እንዳያዝገው ሽፋን ሊደረግለት ይገባል፤ ይህ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱ አስቀድሞ ይጠየቅ።

የቁፈራው ችግር የማይመለስ መሆኑ ነው። ለኤይምፖይንት አክሮ መነጽር የተቆፈረ ስላይድ ለሌላ ቅርጽ አይሆንም፣ አንዳንድ አምራቾችም የተቆፈረ ስላይድን ከዋስትናቸው ያወጡታል። ይህን ጉዳት የሚያቀልል አንድ ምርጫ አለ። የትሪጂኮን አርኤምአር መነጽር የመቀመጫ ቅርጽ በሌሎችም ዘንድ ስለተለመደ፣ ለእሱ የተቆፈረ ስላይድ የትሪጂኮንን ኤስአርኦና የሆሎሰንን 507ሲ ጭምር ይቀበላል። መነጽሩን ወደፊት ሊለውጥ እንደሚችል የሚጠረጥር ሰው ለአርኤምአር ቅርጽ ቢያስቆፍር መንገዱ አይዘጋበትም።

ሦስተኛው አማራጭ የኋላ ማነጣጠሪያው ወጥቶ በቦዩ ውስጥ የሚገባ ማሰሪያ ነው። ርካሽ ነው፣ ስላይዱን አይነካም፣ ከመደበኛ ኪያቤና መዶሻ በላይ መሣሪያም አይፈልግም። መነጽሩ ግን ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ክብደቱም በአንድ ጠባብ ቦይ ላይ ያርፋል። ቀይ ነጥብ ይስማማኝ ይሆን ብሎ ለሚሞክር ሰው ለጥቂት ወራት ይበቃል፤ ለውድድር ዘመን ግን አልመክረውም።

ፍሬም ላይ ማሰር ፍጹም የተለየ ነገር ነው። ማሰሪያው በፍሬሙ ጎን በተቦረቦሩ ቀዳዳዎች በበርካታ ብሎኖች ይያዝና ከስላይዱ በላይ ይታጠፋል፤ ስላይዱ ከሥሩ ይመላለሳል እንጂ መነጽሩን ይዞት አይሄድም። ለተኳሹ ትርጉሙ ትልቅ ነው። ስላይድ ላይ ያለ ነጥብ በርግጫው ጊዜ ከዓይን ተሰውሮ ይመለሳል፤ ፍሬም ላይ ያለው ግን ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል ይታያል፣ ዓይንም ሳይለቀው ይከተለዋል። ስላይዱ ተጨማሪ ክብደት ስለማይሸከም ፍጥነቱን ይዞ ይሠራል፣ መነጽሩም ከዚያ ሁሉ መወርወር ይድናል። ዋጋው ደግሞ ይኸው ነው፦ ፍሬሙ መቦርቦር አለበት፣ ማሰሪያው የስላይዱን መያዣ ስለሚሸፍን በጎን የሚወጣ መሳቢያ ማስገጠም ግድ ይላል፣ ተራ የሽጉጥ ማኅደርም አይቀበለውም። በቀጥታ የቆመ መነጽር አንዳንዴ የሚወጣውን ቀለህ ስለሚመታ ብዙ የኦፕን ተወዳዳሪዎች መነጽሩን 90 ዲግሪ ወደ ጎን ያጋድሙታል፤ ይህም ከፍታውን ይቀንስላቸዋል።

ከፍታው ለምን እንደሚያስጨንቅ በቁጥር ላሳይ። በ25 ሜትር የተስተካከለ፣ ከአፈሙዙ መሐል 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ መነጽር፣ በ5 ሜትር ላይ ጥይቱን ከነጥቡ 3.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ ያሳርፈዋል። ከፍታው 2.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ልዩነቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሙሉ ኢላማ ከፊት ሲቆም ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መተኮስ የሌለበት ነጭ ኢላማ የታችኛውን ግማሽ ሲሸፍነው ግን ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር ከቅጣትና ከሙሉ ነጥብ መካከል የምትቆምበት ጊዜ አለ።

በ.22 ካሊበር ለሚተኩሱ፣ በተለይም በአሜሪካ በ25ና በ50 ያርድ በሚደረገው የቡልዝአይ ውድድር ለሚሳተፉ፣ ምርጫው ቀላል ነው። እንደ ሩገር ማርክ 4 ባሉ ሽጉጦች የላይኛው አካል አይንቀሳቀስም፤ የሚመላለሰው በውስጡ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ላዩ ላይ ሬል (ጥርስ ያለው የማሰሪያ ሐዲድ) አስሮ መነጽሩን በሬሉ ላይ ማጥበቅ ይበቃል፣ ርግጫውም ትንሽ ስለሆነ ውድ ማሰሪያ አያስፈልግም።

እንግዲህ ማን የቱን ይግዛ? በካሪ ኦፕቲክስ ወይም በፕሮዳክሽን ኦፕቲክስ አንድ ሽጉጥ ይዞ ለዓመታት ሊወዳደር የወሰነ ሰው ስላይዱን ለአርኤምአር ቅርጽ ያስቆፍር፤ እኔም በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ገና ጀማሪ የሆነና የሚወደውን መነጽር ያላወቀ ሰው ለፕሌት የተዘጋጀ ሽጉጥ ከአረብ ብረት ፕሌት ጋር ይግዛ፤ መነጽሩንም በየስድስት ወሩ ፈትቶ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ይመርምር። ባትሪው ከሥር የሚገባ መነጽር የሚጠቀም ሰው ባትሪ ሲለውጥ ለማንኛውም ስለሚፈታው ሁለቱን ሥራ በአንድ ቀን ማዋል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ነጥቡን በተኩስ ሳያረጋግጥ ወደ ውድድር አይሂድ። የኦፕን ተወዳዳሪ ወጪው ካልከበደው የፍሬም ማሰሪያን ይምረጥ።

የተመረጠው ምንም ይሁን፣ አስተሳሰሩ ላይ ቸል አይባል። ቀዳዳውና ብሎኑ በአልኮል ተጠርገው ዘይት የሚባል እንዳይቀርባቸው ይደረግ፤ ሰማያዊው ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚያደርግ ሙጫ) በዘይት ላይ በደንብ አይዝም። ብሎኑ በእጅ ግምት ሳይሆን በመለኪያ ካቻቢቴ ይጥበቅ፤ ትሪጂኮን ለአርኤምአር ያዘዘው 12 ኢንች ፓውንድ፣ ማለትም 1.4 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ ይህም ብዙ ሰው በክንዱ ከሚያጠብቀው ያነሰ ነው። የብሎኑ ርዝመትም ይለካ። በግሎክ ላይ የቀኙ ብሎን ከልኩ ከረዘመ ከሥሩ ያለውን የቀለህ መንጠቆ ዘንግ ተጭኖ ስለሚይዘው ቀለህ በትክክል አይወጣም፣ ባለቤቱም ጥፋቱን ጥይቱ ላይ ይፈልጋል። ሎክታይቱ እስኪደርቅ አንድ ሙሉ ቀን ተጠብቆ፣ ነጩ መስመር በብሎኑና በመነጽሩ አካል ላይ ተሰምሮ፣ ከ50 እስከ 100 ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ቦታው እንደገና ይታይ። ፕሌት ያለው ሰው ደግሞ መነጽሩን ከማስቀመጡ በፊት ያንኑ መስመር በፕሌቱ ብሎኖች ላይም ያስምር፤ በሚቀጥለው ሲፈታው ምን እንደተፈጠረ የሚነግረው እሱ ብቻ ነው።