የሞር ጨው ተብሎ የሚሸጠውን ሳትፈትሹ እንዳትገዙ

ሪኤጀንት (ለላብራቶሪ ሥራ የሚውል ኬሚካል) ከትልቅ ከረጢት እየቀነሱ የሚያሽጉትን ነጋዴዎች ታውቋቸዋላችሁ። ሌብሉን ራሳቸው ያትማሉ፣ ባች ቁጥር (የትኛው ዙር ምርት እንደሆነ የሚለየው ቁጥር) የለውም፣ ሰርተፊኬት ሲባሉ "እንልካለን" ብለው ይጠፋሉ።

ሰሞኑን የሞር ጨው፣ ማለትም ብረትና አሞኒየም ያለበት ፌረስ አሞኒየም ሰልፌት ብለው የሸጡልን ከላይ ሲታይ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ምንም አይልም። ማንኪያ ወደ ታች ሲገባ ግን ቢጫና ቡናማ የሆነ ጓል ነው። 0.392 ግራም ተመዝኖ በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ሟሟ። ትክክለኛ የሞር ጨው ቢሆን 1 ሚሊሞል ነው፤ በ0.02 ሞላር ፖታሺየም ፐርማንጋኔት 10 ሚሊሊትር ላይ ሮዝ ቀለሙ ሳይጠፋ ይቆያል። ቡሬቱ (ጠብታውን የሚለካው ቱቦ) 10ን አለፈ፤ ጠብታዋ ስትወድቅ ቀለሟ ወዲያው ይጠፋል። 11፣ 12... ቀለሙ ሳይጠፋ የቆየው 13.2 ላይ ነው!

በአየር የተበላሸ ጨው ቢሆን ከ10 በታች ነበር የሚወስደው። ከ10 በላይ የሄደው ጨው ሌላ ስለሆነ ነው፦ ተራ ፌረስ ሰልፌት። የሞር ጨው 392 ግራም በሞል፣ ይሄኛው 278፤ ንጹሕ ቢሆን 14.1 ይወስድ ነበር። የጎደለው ደግሞ በአየር ዝጓል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሞቅም የአሞኒያ ሽታ የሚባል ነገር የለውም።

በዚህ ጨው የፍሳሽ ውሃ ሲኦዲ (በውሃው ያለውን ብክለት ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክሲጅን መጠን) የምትሠሩ አስቡት። 98 ግራም በሊትር 0.25 ሞላር ነው ብላችሁ በክብደት ብቻ ብትተማመኑ፣ በእጃችሁ ያለው 0.33 ገደማ ነው፤ ውጤታችሁ ሩብ ያህል አንሶ ይወጣል። በየቀኑ በዳይክሮሜት ስታንዳርዳይዝ የሚያደርግ (የሟሟውን ትክክለኛ ጥንካሬ የሚለካ) ይተርፋል፣ እሱም ዕቃው ቶሎ ስለሚዝግ ቁጥሩ ሲወርድበት ይውላል።

ነጋዴዎቹ ሲደወልላቸው መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "አረንጓዴ አይደል እንዴ? ብረት ያው ብረት ነው። ምናልባት ባለሙያችሁ መመዘን አይችልም።" ከኋላ ሲሳሳቁ ይሰማል። መልሱልን ሲባሉ ደግሞ "የተከፈተ ዕቃ አንመልስም"። ሳይከፈት በምን ይታወቅ ኖሯል?

ለማንኛውም፣ ከመክፈላችሁ በፊት ከታች ቆንጥራችሁ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሙቁትና እርጥብ ቀይ ሊትመስ ወረቀት ከዕቃው አፍ በላይ ያዙ፤ ወደ ሰማያዊ ካልዞረ አሞኒየም የለበትም። ሌላ ቁንጥር አሲድ ባለበት ውሃ አሟሙታችሁ ፖታሺየም ታዮሳያኔት ጠብ አድርጉበት፦ ትንሽ ሮዝ ቢል ችግር የለውም፣ ደም ከመሰለ ግን ዝጓል። አናስከፍትም ካሏችሁ ትታችሁ ውጡ።