ባለ 200 ዋት አምፕ ከመግዛት ያዳኑኝ ጋሼ

ጎንደር ላይ የድምፅ ነገር ለቸገራችሁ ሁሉ።

የሳሎኔ ስፒከር ትዊተሩ (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ተቃጠለ። አስቀየርኩት። በወሩ ደገመው። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው "አምፕህ (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው ማጉያ) 50 ዋት ብቻ ነው፣ ባለ 200 ግዛ" አለኝ። ብር መለቃቀም ጀምሬ ነበር። ባለቤቴማ "ቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ የለውም እንዴ?" እያለች ትስቃለች።

ፒያሳ ትንሽ የጥገና ክፍል ካላቸው ጋሼ ጋር ያገናኘኝ ጓደኛዬ ነው። (ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል።) ቤቴ ድረስ በባጃጅ መጡ። አምፑን ሳይነኩ ስፒከሩን አዙረው ጀርባውን አነበቡ። 84 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ 8 ኦም (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን)።

"ጉዱ እዚህ ነው ልጄ" አሉኝ። የዴሲቤሉ ቁጥር ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው ከ1 ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ነው የሚናገረው። 84 ደግሞ ሰነፍ የሚባል ነው።

ከዚያ አንድ ወጥ የሙከራ ድምፅ ለቀቁ፣ ሁልጊዜ በምሰማበት መጠን። ቴስተራቸውን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) የስፒከሩ ገመድ ላይ አሳረፉ። 2 ቮልት። በ8 ኦም ስፒከር ላይ (2×2÷8) ግማሽ ዋት ማለት ነው። ሳቅኩ።

"አትሳቅ። ፊልም ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ድምፁ 20 ዴሲቤል ሊዘል ይችላል። ያ መቶ እጥፍ ኃይል ነው።"

የግማሽ ዋት መቶ እጥፍ 50 ዋት። አምፔ ጣሪያ ነካ። የኳስ ማታ ከፍ ሳደርገው ደግሞ ያልፋል፣ የሞገዱ አናት ይቆረጣል፣ ትዊተሩም ይቃጠላል። እኔ ትዊተር የሚያቃጥለው ትልቅ አምፕ ብቻ ይመስለኝ ነበር!

"ታዲያ 200 ዋት ልግዛ?"

"ምን በወጣህ!"

ኃይሉ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከ50 ወደ 200 ስሄድ የማገኘው 6 ነው። ባለ 90 ዴሲቤል ስፒከር ያንኑ 6 ይሰጠኛል፣ በዚያው አምፕ። አሮጌ ግን ጤነኛ ባለ 90፣ ያው 8 ኦም፣ ራሳቸው አፈላልገው አገኙልኝ። የእኔን ሰጥቼ ትንሽ ብር ጨመርኩ። ገጥመው በስልካቸው የድምፅ መለኪያ ከበፊቱ ጋር እኩል አደረጉት። ቴስተሩ 1 ቮልት አነበበ፣ የበፊቱ ኃይል ሩብ ማለት ነው።

የጠየቁኝ ዋጋ አሳፈረኝ። ጨምሬ ብሰጥ እምቢ ብለው ቡና ጠጥተው ሄዱ። ቀጠሮ ላይ ብቻ ትንሽ ናቸው፤ "ነገ" ካሉ ከነገ ወዲያ ጠብቁ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የስፒከራችሁን ጀርባ ፎቶ አንሱ፣ ከስንት ሜትር ላይ ተቀምጣችሁ እንደምትሰሙም ለኩ። ገና ሳትቀመጡ ነው የሚጠይቋችሁ።